ወለል ከማስፈረሳችሁ በፊት፦ ከቤታችን ስር ሲፈስ የነበረውን ውሀ እንዴት እንዳገኘነው

መጀመሪያ ያወቀችው እማዬ ናት። ቤት ውስጥ በባዶ እግሯ ነው ምትሄደው፣ እና አንድ ቀን ጠዋት ኮሪደሩ መሀል ቆማ "እዚጋ ወለሉ ይሞቃል፣ ነይ እስቲ እግርሽን አድርጊበት" አለችኝ። እኔ ወደ ስራ እየተጣደፍኩ ስለነበር ፀሀይ ነው እማዬ ብያት ወጣሁ። ኮሪደሩ ግን መስኮት የለውም። ያን ቀን ቆሜ ሰምቻት ቢሆን ሁለት ቦታ ያለጥቅም የፈረሰው ወለል አይፈርስም ነበር፣ ለሶስት ወር ያህል ከቤቱ ስር ሲፈስ የኖረው ውሀም ቶሎ ይቆም ነበር። ይሄን ምጽፈው ተመሳሳይ ነገር ቤቱ ውስጥ እያየ "ምን ይሆን" እያለ ያለ ሰው ካለ ከኛ የተሻለ መንገድ እንዲሄድ ነው።

ምልክቶቹ ተራ በተራ ነው የመጡት፣ ለዛ ነው ያላገናኘናቸው። የውሀ ቢላችን ከፍ አለ፣ ልጆቹ ሻወር ላይ እየቆዩ ነው አልን። የመብራቱም ጨመረ፣ ቦይለሩ አርጅቷል አልን። መኝታ ቤት ግድግዳው ላይ ከዞኮሎው በላይ አንድ ክንድ ያህል ቀለሙ አበጠና ሲነኩት ይረግፍ ጀመር፣ ስሩ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ጨው ወጣበት፣ የዝናብ እርጥበት ነው ተባለ። የመኝታ ቤቱ በር ደሞ ሲዘጋ ወለሉን መፋቅ ጀመረ። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ምክንያት አለው፣ አንድ ላይ ሲቀመጡ ግን ሁሉም ወደ አንድ ነገር ነው ሚጠቁሙት፣ ሙቅ ውሀ ከወለል ስር እየፈሰሰ ነው፣ ቦይለሩም የፈሰሰውን ለመተካት ሌት ተቀን እያሞቀ ነው።

የመጀመሪያው ቧንቧ ሰራተኛ መጣ፣ እርጥቡን ግድግዳ አየ፣ "እዚጋ ነው" አለና መዶሻና መሮ አወጣ። ግድግዳው ስር ያለው ሴራሚክ ተነሳ፣ ኮንክሪቱ ተሰበረ፣ ስሩ ያለው አፈር ጭቃ ሆኗል፣ ቧንቧው ግን ደህና ነው። አንድ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ደገመው፣ አሁንም ጭቃ፣ አሁንም ደህና ቧንቧ። ሶስተኛ ሊቆፍር ሲል እማዬ "በቃ ልጄ አረፍ በል" አለችው። ሰውየው ክፉ ሰው አልነበረም፣ ስራውንም ይችላል፣ ግን እርጥበት ያለበትን ቦታ ነው ሲከተል የነበረው፣ ትልቁ ስህተት ደሞ እሱ ነው።

ምክንያቱም ውሀ ከወለል ስር ሲወጣ ቀጥታ ወደ ላይ አይመጣም። የወለሉ ኮንክሪት ስር ድንጋይና ጠጠር ተሞልቷል፣ ቧንቧው የተቀበረበት ቦይ ደሞ ብዙ ጊዜ በአሸዋ ነው የተሞላው፣ ውሀው በዛ አሸዋና ድንጋይ መሀል ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይሄዳል፣ የመሰረቱ ቢም ጋ ሲደርስ ይገደባል፣ እዛ ይጠራቀምና ግድግዳው እንደ ኩራዝ ክር ወደ ላይ ይስበዋል። ስለዚ እናንተ ምታዩት የሄደበትን ነው እንጂ የወጣበትን አይደለም። በኛ ቤት በሁለቱ መሀል ሶስት ሜትር ተኩል ነበር።

ከዛ በኋላ ነው ቁጭ ብዬ ቆጣሪውን ማየት የጀመርኩት። ይሄን ማንም ሰው ራሱ ማድረግ ይችላል፣ መሳሪያ አይፈልግም፣ እና መጀመሪያ መደረግ የነበረበት ይሄ ነው። ማታ ሁሉም ሰው ከተኛ በኋላ ሁሉንም ቧንቧ ዘጋሁ፣ የልብስ ማጠቢያውንም ነቀልኩ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ የቆጣሪውን ቁጥር ከነቀዩ አሀዞች በስልኬ ፎቶ አነሳሁ፣ ንጋት 11 ሰዓት ላይ ማንም ውሀ ሳይከፍት ደግሜ አነሳሁ። በ7 ሰዓት ውስጥ 280 ሊትር ሄዷል። ማንም ሳይነካው። አስሉት፣ በሰዓት 40 ሊትር፣ በቀን 960፣ በወር ወደ 29 ሜትር ኩብ ማለት ነው። ለዚህ ደሞ ትልቅ ስንጥቅ አያስፈልግም፣ 3 ባር ግፊት ባለበት መስመር ላይ 1 ሚሊ ሜትር የሆነች ቀዳዳ በቀን ወደ 1000 ሊትር ታስወጣለች። ብዙ ቆጣሪ ላይ ደሞ ትንሽ ሶስት ማዕዘን ወይ ኮከብ የመሰለች ነገር አለች፣ በጣም ትንሽ ውሀ ሲያልፍ እንኳን ትዞራለች፣ ሁሉ ነገር ተዘግቶ እሷ ከዞረች የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው።

ግን እየፈሰሰ ነው ማለት ከወለል ስር ነው ማለት አይደለም። እዚጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል። መጀመሪያ ሽንት ቤቱን አጣሩ። የሽንት ቤት ውሀ ታንክ ውስጥ ያለችው ጎማ ካረጀች ውሀው ያለምንም ድምፅ ወደ መቀመጫው እየወረደ ሊያድር ይችላል፣ ታንኩ ውስጥ ቀለም ያለው ነገር ጠብ አድርጋችሁ ግማሽ ሰዓት ሳትለቁት ጠብቁ፣ ቀለሙ ታች ከታየ ችግሩ እሱ ነው፣ ጎማዋን መቀየር ብቻ። ጣሪያ ላይ ታንከር ያለው ሰው ደሞ ቆጣሪው ሚነግረው እስከ ታንከሩ ድረስ ያለውን ብቻ ነው፣ ታንከሩ እየሞላ ከሆነም ቆጣሪው ይዞራል፣ ስለዚ ወደ ታንከሩ ሚገባውን ዝጉና ውሀው የደረሰበትን ከፍታ በማርከር ምልክት አድርጋችሁ እደሩ፣ ጠዋት ከምልክቱ በታች ከወረደ ከታንከሩ ወደ ቤት ባለው መስመር ላይ ነው ማለት ነው።

እኛ ሽንት ቤቱ ደህና ነበር፣ ታንከርም የለንም። ቀጥሎ ያደረግነው መስመሩን መከፋፈል ነው። ከቆጣሪው ቀጥሎ ቤቱ መግቢያ ላይ ያለውን ዋና ቫልቭ ዘጋሁት፣ ቆጣሪው ቀስ ብሎም ቢሆን መዞሩን ቀጠለ፣ ግራ ገባኝ፣ ውጪ ግቢው ውስጥ ነው ማለት ነው ብዬ አንድ ሙሉ ቀን ግቢ ስንቆፍር ዋልን። ለካ ቫልቩ ነው ጥፋተኛው፣ ያረጀ ጌት ቫልቭ (ብዙ ጊዜ እየተሽከረከረ ሚዘጋው አይነት) ስለሆነ እስከ መጨረሻው ቢዘጋም ትንሽ ያሳልፋል። ይሄን ልብ በሉልኝ። ቫልቩን ዘግታችሁ ቤት ውስጥ ዝቅ ብሎ ያለውን አንድ ቧንቧ ክፈቱ፣ መስመሩ ውስጥ የቀረው ከወረደ በኋላ ውሀው ሙሉ በሙሉ ካልቆመ ቫልቩ አይዘጋም፣ በሱ ምንም ነገር መፈተን አይቻልም። በቦል ቫልቭ (እጀታው ሩብ ዙር ብቻ ዞሮ ሚዘጋው) አስቀየርነው፣ ደግሜ ሞከርኩ፣ ዋናው ሲዘጋ ቆጣሪው ቀጥ አለ። ስለዚ ቤት ውስጥ ነው። ከዛ ዋናውን ከፍቼ ወደ ቦይለሩ ሚገባውን ቀዝቃዛ ውሀ ብቻ ዘጋሁት፣ ሙቁ መስመር በሙሉ ከሱ ነው ሚመገበው። ቆጣሪው አሁንም ቀጥ አለ። በቃ። ሙቅ ውሀው ነው። ያኔ ነው የእማዬ ንግግር ትዝ ያለኝ፣ ሮጬ ሄጄ ኮሪደሩ ላይ ጫማዬን አወለቅኩ፣ እውነትም ይሞቃል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ቆጣሪው ምንም ሳይዞር ወለላችሁ ከረጠበ ደሞ ፍሳሽ ማስወገጃውን ጠርጥሩ። የሻወር፣ የሽንት ቤት፣ የማድ ቤት ፍሳሽ ግፊት የለውም፣ ሚያፈሰው ሰው ሲጠቀምበት ብቻ ነው፣ ቆጣሪው ደሞ አንዴ ያለፈውን ውሀ ነው ሚቆጥረው እንጂ የት እንደገባ አያውቅም። ሚፈተነውም በሌላ መንገድ ነው፣ ውጪ ማንሆሉ ጋ ያለውን ጫፍ በሚነፋ ጎማ ይደፍኑታል፣ መስመሩን እስከ ሻወሩ ወለል ድረስ በውሀ ይሞሉታል፣ ከፍታውን ምልክት አድርገው ይጠብቃሉ፣ ከወረደ የሆነ ቦታ ተከፍቷል። ሽታ ካለው ወይ በረሮ ከበዛ ለዚህኛው ቅድሚያ ስጡት።

ሁለተኛው ባለሙያ በዕድሜ ገፋ ያሉ ናቸው፣ ገብተው መጀመሪያ ያሉኝ "የኔ ልጅ፣ የቆጣሪውን ፎቶ አሳዪኝ" ነው። መሮ አልያዙም። ቦይለሩን ከመስመሩ ለዩት (እሱ አብሮ ሊፈተን አይገባም)፣ የሙቁን መውጫዎች በሙሉ በታፓ (መድፈኛ ክዳን) ደፈኑ፣ አየሩን አስወጡ፣ ከዛ በእጅ ሚሰራ ፓምፕ ከነጌጁ (ግፊት ሚያሳየው መለኪያ) ገጥመው 6 ባር አደረሱት። የቤታችን የወትሮ ግፊት ወደ 3 ባር ነው። ፕላስቲክ ቧንቧ መጀመሪያ ትንሽ ስለሚለጠጥ ጌጁ ጥቂት መውረዱ አያስደነግጥም፣ መልሶ መሙላት ነው ሚያስፈልገው፣ የኛ ግን አስር ደቂቃ ሳይሞላ 2 ላይ ደረሰ። አየር ሳይወጣ ከቀረም ጌጁ ይዋሻል፣ ስለዚ አየሩ ወጥቷል ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

ቦታውን ማግኘት ሌላ ስራ ነው። እኛ ጋ ሁለት ነገር ተጠቀሙ። አንደኛው ሙቀት ሚያሳይ ካሜራ ነው፣ ሙቅ ውሀ ስለሆነ ብቻ ነው የሰራልን፣ ቦይለሩን መልሰው አሙቀው ግማሽ ሰዓት ያህል ለቀቁት፣ ካሜራው ላይ ቧንቧው እንደ ቀጭን ክር ታየ፣ ኮሪደሩ ላይ ሲደርስ ክሩ ሰፍቶ አንድ ሜትር ያህል ክብ ሆነ። ሁለተኛው ወለል ላይ ሚደረግ ማይክሮፎን ከነጆሮ ማዳመጫው ነው። ለሱ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተመልሰው መጡ፣ ፍሪጁን እንኳን አጥፉልኝ አሉ፣ ከውጪ መኪና ማያልፍበት ሰዓት ስለሆነ። ሹው የሚል ተከታታይ ድምፅ አለው፣ ለኔም አሰሙኝ፣ ከካሜራው ክብ መሀል 30 ሳንቲም ያህል ወደ ግራ ስንሄድ በጣም ይጎላል፣ እዛ በእርሳስ መስቀል ምልክት አደረጉ። የብረት ቧንቧ ድምፁን ሩቅ ድረስ ይወስደዋል፣ ፕላስቲክ ግን ያፍነዋል፣ ስለዚ ፕላስቲክ ከሆነ ጠጋ ጠጋ እያሉ እያንዳንዷን እርምጃ ማዳመጥ ያስፈልጋል። ካሜራም ድምፅም እምቢ ካለ ጋዝ ሚጠቀሙ አሉ፣ 95 ፐርሰንት ናይትሮጅን ከ5 ፐርሰንት ሀይድሮጅን ጋር ተቀላቅሎ ባዶው ቧንቧ ውስጥ ይለቀቃል፣ ሀይድሮጅኑ በጣም ቀላል ስለሆነ በኮንክሪቱ አልፎ ወደ ላይ ይወጣና መሳሪያው ያሸተዋል፣ በዛ መጠን ሲቀላቀል እሳት አይዝም።

ከሁለቱ ባለሙያዎች የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር፣ "እዚጋ ነው" ያላችሁን ሰው "በምን አወቁ?" ብላችሁ ጠይቁት። መልሱ "እርጥብ ስለሆነ" ከሆነ አይቁፈር። ክፍያም ስትነጋገሩ ፈልጎ ማግኘቱንና መጠገኑን ለየብቻ ተነጋገሩ፣ አንድ ላይ ሲሆን ሰው ቶሎ ወደ መሮው ይሮጣል።

ሲከፈት ሴራሚኩን በግራይንደር ዙሪያውን ቆርጠው አነሱ፣ ኮንክሪቱ ወደ 10 ሳንቲም ነበር። ከመቆፈር በፊት ቢሞቹ በየት በየት እንደሚያልፉ ማወቅ አለባችሁ፣ የመሰረቱን ቢም ወይ ፌሮውን ለቧንቧ ብሎ መቁረጥ ሌላ ትልቅ ችግር መግዛት ነው። ኮንክሪቱ ሲነሳ ያየነው ነገር ነው በጣም ያስደነገጠኝ፣ ስሩ ባዶ ነው። አሸዋው ታጥቦ ሄዷል፣ እጄን እስከ ክርኔ ድረስ አስገባሁት፣ ወለሉ በአየር ላይ ነው የቆመው። ልጆቹ በየቀኑ ሚሮጡበት ቦታ ነው። ለዛ ነው "ቢሉን እየከፈልኩ ልቆይ" ሚል ሰው ስሰማ ሆዴ ሚባባው፣ ውሀው ብቻ አይደለም ሚሄደው፣ አፈሩንም ይዞ ይሄዳል፣ አፈሩ ሸክላ ከሆነ ደሞ ውሀ ሲጠግብ ያብጥና ወለሉን ይገፋዋል፣ ሲደርቅ መልሶ ይሰነጠቃል። በራችን ወለል መፋቅ የጀመረው በዚህ ነው።

ቧንቧው ፒፒአር (በሙቀት ቀልጦ ሚጋጠም ፕላስቲክ) ነው፣ ያፈሰሰው ኤልቦው (ቧንቧው ሚታጠፍበት መገጣጠሚያ) ጋ ነው። ቆርጠው ሲያሳዩኝ ቧንቧውና ኤልቦው ዙሪያውን በሙሉ አልተዋሀዱም፣ አንድ ጎኑ ላይ የተጣበቀ እንጂ የቀለጠ አይመስልም። ይሄ መገጣጠሚያ በ260 ዲግሪ ነው ሚቀልጠው፣ 20 ሚሊ ቧንቧ 5 ሰከንድ፣ 25 ሚሊ 7 ሰከንድ፣ 32 ሚሊ 8 ሰከንድ ይሞቃል፣ ከዛ ሳይጠማዘዝ ቀጥ ብሎ ይገባና እስኪቀዘቅዝ በእጅ ይያዛል። ሰራተኛው ቸኩሎ ካወጣው ወይ ቧንቧው ውስጥ የውሀ ጠብታ ካለ ያኔ ለማየት ጥሩ ይመስላል፣ ከአመታት በኋላ በሙቀትና በቅዝቃዜ ምልልስ ይለቃል። ጥገና ላይ ውሀው ዋናው ጠላት ነው፣ መስመሩ ውስጥ የቀረ ውሀ እየተንጠባጠበ ብየዳው አይይዝም፣ ስለዚ መጀመሪያ በደንብ ይንጠፍ፣ ይድረቅ።

ኤልቦው ተቀየረ፣ ሁላችንም ተነፈስን፣ እኔ ሲሚንቶ አምጡ ማለት ጀምሬ ነበር። ሰውየው ግን "ቆዪ የኔ ልጅ" ብለው ፓምፑን መልሰው ገጠሙት። 6 ባር። አንድ ሰዓት ጠበቅን፣ 5.2። ደግመው ሞሉት፣ አሁንም ወረደ። ሶስት ጊዜ። ሌላ ቦታ ላይ ትንሽ ሁለተኛ አለ ማለት ነው፣ የትልቁ ድምፅ ሸፍኖት ነው ያልተሰማው። በዛን ሰዓት ወለሉን ዘግተን ቢሆን ሁሉም ነገር ከወራት በኋላ እንደገና ነበር ሚጀምረው።

እዚጋ ነው መወሰን የነበረብን። አንድ ቦታ ብቻ ሲሆንና የቀረው መስመር ግፊቱን ሲይዝ ቆፍሮ መጠገን ልክ ነው። ሁለተኛ ሲመጣ ግን በአንድ ሰው እጅ በአንድ ቀን የተበየደ መስመር ስለሆነ ሶስተኛውም መምጣቱ አይቀርም። ስለዚ ከወለል ስር ያለውን ሙቅ መስመር እንዳለ ተውነው፣ ሁለቱንም ጫፍ ቆርጠው ደፈኑት፣ አዲሱ ከቦይለሩ ወደ ላይ ወጥቶ በኮርኒሱ ውስጥ አልፎ በግድግዳው ወደ ሻወሩና ወደ ማድ ቤቱ ወረደ፣ ሙሉው በስፖንጅ ተሸፍኖ። ግድግዳ መቆረጡ አሳዝኖኝ ነበር፣ ግን ከአሁን በኋላ ቢያፈስ በአይን ይታያል፣ ለመጠገንም ወለል አይነካም። ደግሜ ብመርጥም ይሄንኑ ነው ምመርጠው። ግድግዳና ኮንክሪት ሰንጥቆ ሚያልፍበት ቦታ ላይ ሰፋ ያለ ሌላ ቧንቧ ውስጥ አሳልፉት፣ በኮንክሪቱ ተጨብጦ እንዳይቀር፣ ፒፒአር ሲሞቅ ይረዝማል፣ 10 ሜትሩ በ50 ዲግሪ ልዩነት ወደ 7.5 ሳንቲም። አዲሱ መስመር ግፊት ተሞልቶ 24 ሰዓት አደረ፣ ጌጁ አልተነቃነቀም ማለት ይቻላል፣ ከዛ በኋላ ነው ልስን የተለሰነው።

ጉድጓዱን ስትሞሉ አትቸኩሉ። ባዶው ድረስ ተገብቶ በየ15 ሳንቲሙ እየተጠቀጠቀ ነው መሞላት ያለበት፣ አንዴ ደፍታችሁ ከላይ ብትረግጡት ከስር ባዶው እንዳለ ይቀራል። ከዛ ከኮንክሪቱ ስር እርጥበት እንዳይወጣ ሚነጠፈው ላስቲክ ከነባሩ ላስቲክ ጋር ተደራርቦ፣ ከዛ ኮንክሪቱ። ውሀው ተዘግቶ ከርሞ ሲለቀቅ ደሞ ለመጠጥ ከመጠቀማችሁ በፊት በደንብ አፍስሱት፣ መስመሩ ቀዳዳ እያለው ግፊት ሲያጣ ከውጪ ያለው ቆሻሻ ውሀ ወደ ውስጥ ሊሳብ ይችላል፣ ልጅ ያለበት ቤት ላይ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ቀለም ለመቀባት እኛ ቸኩለን ነበር፣ ከሶስት ሳምንት በኋላ ተቀባ፣ እንደገና አበጠ። ግድግዳውና ወለሉ ውስጥ የገባው ውሀ ለመውጣት ወራት ይፈልጋል፣ ኮንክሪት ወደ 2.5 ሳንቲም ውፍረቱን ለማድረቅ አንድ ወር ያህል ይባላል። ያበጠውን ፍቃችሁ፣ ነጩን ጨው በደረቅ ብሩሽ ጠርጋችሁ (በውሀ ካጠባችሁት ተመልሶ ይገባል) ክፍት አድርጋችሁ አናፍሱት። ግድግዳው ላይ የወጡ ስንጥቆች ካሉ ደሞ ወዲያው አትድፈኗቸው፣ እኔ ጫፋቸው ላይ በእርሳስ መስመር አስምሬ ቀኑን ጻፍኩበት፣ መስመሩን አልፎ ከሄደ መሰረቱ አሁንም እየተንቀሳቀሰ ነው ማለት ስለሆነ ያኔ መሀንዲስ ነው ሚጠራው እንጂ ቀለም ቀቢ አይደለም። የኛ ስምንት ወር ሆነው፣ አላለፈም። በሩም አሁን ሳይፋቅ ይዘጋል።

ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት አዲሱን መስመር በሙሉ ሜትር አጠገቡ አስይዤ ፎቶ አንስቼዋለሁ፣ ከወለል ስንት ሳንቲም፣ ከጥግ ስንት ሳንቲም፣ መገጣጠሚያው የት የት እንዳለ። ወረቀት ላይ አሳትሜ ቦይለሩ ያለበት ቁምሳጥን በር ጀርባ ለጥፌዋለሁ። ከጎኑ የቆጣሪው ንባብ አለ፣ በወሩ የመጀመሪያ ቀን ማታና ጠዋት የተጻፈ። አሁን ምትጽፈው እማዬ ናት።